በዓመቱ ማብቂያ የምትታየው ሙሉ ጨረቃ፦ ለምን ከፍ ትላለች? እንዴትስ እንያት?

የአውሮፓውያኑ ዓመት ሊያልቅ ሲል ስለ ሙሉ ጨረቃ የሚወጡ ዜናዎች ይበዛሉ። «ግዙፏ»፣ «ቀዝቃዛዋ»፣ «ሱፐር ሙን» የሚሉ ስሞች ይደረደራሉ። አንባቢ ዜናውን አምኖ ማታ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ቀና ሲል ግን የሚያያት ያችኑ የሚያውቃትን ጨረቃ ነው። ዜናው ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ ዓይን ሊለየው በማይችለው ነገር ላይ ስለሚያተኩር ነው። የዲሴምበርን ሙሉ ጨረቃ ልዩ የሚያደርጋት ትልቅነቷ ሳይሆን የምትሄድበት መንገድ ነው። ከምድር ወገብ ራቅ ብሎ በሰሜን ለሚኖር ሰው በዓመቱ ውስጥ ከሚታዩት ሙሉ ጨረቃዎች ሁሉ ከፍ ብላ የምታልፈው፣ ረጅሙን ሰዓትም ሰማይ ላይ የምትቆየው በዚህ ወቅት ነው። ይህን ማየት መሣሪያ አይፈልግም፤ ወዴትና መቼ እንደሚመለከቱ ማወቅ ብቻ ይበቃል።

(እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨረቃ «ሞላች» የምንለው መቼ ነው?

ጨረቃ የራሷ ብርሃን የላትም፤ የምናየው ከፀሐይ ተቀብላ የምትመልሰውን ነው። ድንጋይዋና አፈሯ ጠቆር ያለ በመሆኑ ከሚደርሳት ብርሃን የምትመልሰው 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ነጭ መስላ የምትታየን ዙሪያዋን የከበባት ሰማይ ጨለማ ስለሆነ ነው።

ምድርን በምትዞርበት ጊዜ ፀሐይ በአንድ ወገን፣ ጨረቃ በሌላው ወገን፣ ምድር መሀል የምትሆንበት ቅጽበት አለ። ያን ጊዜ ወደ እኛ የዞረው ፊቷ በሙሉ ይበራል። ከአንዱ እንዲህ ያለ ቅጽበት እስከ ቀጣዩ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሄዳል። «ቅጽበት» ያልነው በምክንያት ነው፤ ሙሉ ጨረቃ የአንድ ሌሊት ስም ቢመስልም በስሌት የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከዚያ ቅጽበት አንድ ቀን ቀደም ብሎም ሆነ ዘግይቶ ከፊቷ 99 በመቶ የሚሆነው ስለሚበራ ልዩነቱን በዓይን ማወቅ ይከብዳል። ስለዚህ ሰማዩ በአንዱ ምሽት ቢደምን በማግስቱ ወይም በዋዜማው ማየት ይቻላል፤ ምንም የሚቀር ነገር የለም።

ፀሐይና ጨረቃ ትይዩ በመሆናቸው አንዷ ስትጠልቅ ሌላዋ ትወጣለች። ሙሉ ጨረቃ ሁልጊዜ በፀሐይ መጥለቂያ አካባቢ የምትወጣው፣ እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው፣ ንጋት ላይ የምትጠልቀው በዚህ የተነሳ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገና ከአድማስ ስትወጣ የታየች ጨረቃ ሙሉ ልትባል አትችልም፤ መጉደል ጀምራለች።

ታዲያ በዚህ ወቅት ከፍ የምትለው ለምንድን ነው?

ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትጓዝ ዘንጓ 23.4 ዲግሪ ያህል ያጋደለ ነው። ዲሴምበር 21 ወይም 22 ላይ የሰሜኑ ጫፍ ከፀሐይ በጣም ሸሽቶ ያዘነብላል። በሰሜን ላሉ አገሮች ፀሐይ በቀን ዝቅ ብላ የምታልፈው፣ ቀኑም የሚያጥረው ለዚህ ነው። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ምንጊዜም የፀሐይ ትይዩ ናት። የሁለቱ ነገር እንደ ባለ ሁለት ሰሃን ሚዛን ነው፤ የፀሐይ ሰሃን ወደ ደቡብ በወረደ መጠን የጨረቃው ወደ ሰሜን ይወጣል። በጁን ሚዛኑ ይገለበጣል፦ ፀሐይ ከፍ፣ ሙሉ ጨረቃ ዝቅ።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ መመሪያ ይገኛል። የዲሴምበር ሙሉ ጨረቃ የጁን ፀሐይ የሄደችበትን መንገድ ትከተላለች። በጁን ፀሐይ ከየትኛው ሕንፃ ወይም ተራራ ጀርባ እንደምትወጣ የሚያውቅ ሰው የዲሴምበር ሙሉ ጨረቃም ከዚያው አካባቢ እንደምትወጣ መገመት ይችላል። ቦታው ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። በምድር ወገብ ላይ ዝንባሌው 23 ዲግሪ ገደማ፣ በ40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ (ኬክሮስ ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ ነው) 31 ዲግሪ ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ብዙ ሰው በትክክለኛው ምሥራቅ አቅጣጫ ቆሞ ይጠብቅና ጨረቃ በግራ በኩል ከቤት ጀርባ ወጥታ ያገኛታል።

ከፍታዋን ማስላትም ቀላል ነው። የሚኖሩበትን ቦታ ኬክሮስ ይውሰዱ፣ ከ23.4 ጋር ያለውን ልዩነት ያግኙ፣ ልዩነቱን ከ90 ይቀንሱ። የሚገኘው ቁጥር ጨረቃ በከፍተኛ ነጥቧ ላይ ከአድማስ በስንት ዲግሪ እንደምትርቅ ይነግርዎታል፤ 90 ማለት ልክ አናት ላይ ነው። በ40 ዲግሪ ሰሜን ላለ ሰው 73 ገደማ ይመጣል፤ በጁን ግን 27 ብቻ ነው። በ60 ዲግሪ ሰሜን ያለ ሰው በዲሴምበር 53፣ በጁን 7 ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ከፍታ ያገኛል፤ የጁኗ ጨረቃ ከዛፎች ጫፍ ሳትላቀቅ ተመልሳ ትጠልቃለች ማለት ነው። ከሰሜን ዋልታ ክበብ አልፎ ላለ ሰው የዲሴምበር ሙሉ ጨረቃ ለተከታታይ ቀናት ሳትጠልቅ በሰማይ ዙሪያ ትዞራለች። ፀሐይ ጨርሶ በማትወጣበት ወቅት እንዲህ መሆኑ ለዚያ አካባቢ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

በምድር ወገብ አካባቢ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በ10 ዲግሪ ሰሜን ላይ ጨረቃ አናት አልፋ በሰሜን በኩል 77 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትሆናለች። እኩለ ሌሊት ላይ ፊትዎን ወደ ደቡብ አዙረው ከፈለጓት አያገኟትም። ጥላም በተለመደው አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ያጥራልም። ከምድር ወገብ በታች ወደ ደቡብ ርቆ ላለ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ዲሴምበር ለእሱ የሙቀት ወቅት ነው፣ ሙሉ ጨረቃም በሰሜን በኩል ዝቅ ብላ ታልፋለች።

የቆይታዋም ጊዜ ከከፍታዋ ጋር አብሮ ይሄዳል። በ50 ዲግሪ ሰሜን 16 ሰዓት ያህል ከአድማስ በላይ ትቆያለች። በምድር ወገብ ላይ ግን ከ12 ሰዓት ብዙም አትርቅም።

እስካሁን ያልጠቀስነው አንድ ነገር አለ። የጨረቃ ምሕዋር ፀሐይ በሰማይ ላይ ከምትሄድበት መስመር በ5 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ ነው፤ ይህ ዝንባሌ ራሱ በ18.6 ዓመት አንዴ አቅጣጫውን ይዞራል። ስለዚህ ከላይ ባለው ስሌት 23.4 ያልነው ቁጥር በአንዳንድ ዓመታት ወደ 28.5 ከፍ ይላል፣ በሌሎቹ ወደ 18 ይወርዳል። በ2024 እና በ2025 ከፍተኛው ላይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከዓመት ዓመት በዝግታ ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው በ2034 አካባቢ ነው። የዛሬዎቹን ዓመታት ከፍ ያለች ጨረቃ ያላየ ሰው እንዲህ ያለችውን እንደገና ለማግኘት እስከ 2043 አካባቢ መጠበቅ ይኖርበታል።

«ሱፐር ሙን» የሚባለውስ?

የጨረቃ ምሕዋር ፍጹም ክብ አይደለም። ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ ስትቀርብ እስከ 356,500 ገደማ ትደርሳለች፣ ስትርቅ ከ406,000 ታልፋለች። ሙሉ የምትሆንበት ቅጽበት ከምትቀርብበት ጊዜ ጋር ሲገጥም «ሱፐር ሙን» ትባላለች። ስሙን በ1979 ያወጣው ሪቻርድ ኖል የተባለ ኮከብ ቆጣሪ እንጂ የሥነ ፈለክ ባለሙያ አልነበረም፤ መለኪያውም እንደየጸሐፊው ይለያያል። አንዱ ዓመት በአንዱ ዝርዝር ሦስት፣ በሌላው አራት ሱፐር ሙን የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

በጣም የቀረበችው ሙሉ ጨረቃ በጣም ከራቀችው ጋር ስትነጻጸር በስፋት 14 በመቶ፣ በብርሃን 30 በመቶ ያህል ትበልጣለች። ይህ በመገናኛ ብዙኃን የሚጠቀሰው ቁጥር ነው። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ሰው የለም። ከመካከለኛዋ ጨረቃ ጋር ሲነጻጸር የስፋቱ ብልጫ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል፣ ዓይን ደግሞ ያለ ማነጻጸሪያ ይህን አይለይም። የዲሴምበር 24 ቀን 2026 ሙሉ ጨረቃ ከምድር 357 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የዓመቱ ቅርቧ ናት። ይህን ማወቅ ደስ ሊል ይችላል፤ ለተመልካች የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። ልዩነቱ በእርግጥ የሚታየው በባሕር ዳርቻ ነው፤ ጨረቃ ስትቀርብ የባሕር ውሃ ከፍታና ዝቅታ ከወትሮው ያይላል።

ሌላም ጥቂት ጭማሪ አለ። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጁላይ ከሚሆነው 152 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር። ስለዚህ በዓመቱ ማብቂያ ጨረቃ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን ከጁላዩ በ7 በመቶ ያህል ይበልጣል። ይህም ቢሆን ለዓይን አይታወቅም።

«ቀዝቃዛ ጨረቃ» እና «የረጅም ሌሊት ጨረቃ» የሚሉት ከሰሜን አሜሪካ ልማድ የመጡ የወር መጠሪያዎች ናቸው፤ የጨረቃን መልክ አይገልጹም። በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛ ሆና የምትመጣው ሙሉ ጨረቃ «ሰማያዊ» ስትባልም ቀለሟ አይለወጥም። ጨረቃ በእውነት ሰማያዊ የምትመስለው አየሩ መጠናቸው ተቀራራቢ በሆነ ጥቃቅን የጭስ ወይም የአመድ ብናኞች ሲሞላ ነው፤ በ1883 ክራካታዋ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ እንዲህ ሆኖ ነበር።

ስትወጣ ግን ግዙፍ ሆና ትታየኛለች፤ ተሳስቻለሁ?

የተሳሳተው ዓይን ሳይሆን አእምሮ ነው። አድማስ ላይ ያለች ጨረቃ አናት ላይ ካለችው አትበልጥም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ታንሳለች። ምክንያቱም ጨረቃ ከአድማስ ስትወጣ በምድር ግማሽ ስፋት፣ ማለትም በ6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቀናለች። አእምሮ ከቤቶችና ከዛፎች ጋር ሲያያት ግን ያገዝፋታል። ለማረጋገጥ ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው በትንሿ ጣት ጥፍር ይሸፍኗት። ጥፍሯ 1 ዲግሪ ያህል ስለምትሸፍን፣ ጨረቃ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ስለሆነች በደንብ ትሸፈናለች። እኩለ ሌሊት ገደማ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ይድገሙት፤ ለውጥ የለም።

ቅላቷና ጠፍጣፋነቷ ግን እውነተኛ ነው። አድማስ ላይ ስትሆን ብርሃኗ በወፍራም አየር ውስጥ ስለሚያልፍ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩና ቢጫው ይቀራል። አየሩ ብርሃኑን ስለሚያጎብጥም የታችኛው ጠርዟ ከላይኛው የበለጠ ወደ ላይ ይነሳና ሞላላ ትመስላለች። ይህ መጉበጥ ጨረቃን ከራሷ ስፋት በሚበልጥ መጠን ስለሚያነሳት፣ ገና ከአድማስ ስትላቀቅ ስናያት በስሌት አሁንም ከአድማስ በታች ናት።

በየትኛው ምሽት ልውጣ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያ የሚጽፈው ጨረቃ የምትሞላበትን ቅጽበት ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት። የዲሴምበር 2026ቷ ሙሉ ጨረቃ 24ኛው ቀን ከገባ፣ በግሪንዊች ከእኩለ ሌሊት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንዳለፈ ትሞላለች። «24» የሚለውን አይቶ የ24ን ምሽት የሚጠብቅ ሰው በአውሮፓም ሆነ በአፍሪካ ከግማሽ ቀን በላይ ይዘገያል። አሁንም ሙሉ ትመስለዋለች፤ ነገር ግን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በጨለማ ውስጥ ትወጣለች፣ ምርጡ እይታም ያመልጠዋል።

ምርጡ እይታ የሚገኘው ጨረቃ የምትወጣበት ሰዓት ፀሐይ ከምትጠልቅበት ከ20 ደቂቃ ቀደም ብሎ እስከ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ባለው ጊዜ ሲወድቅ ነው። ያን ጊዜ መሬቱ ገና አልጨለመም፤ ጨረቃም ምድሩም አብረው ይታያሉ። ስለዚህ የሙላቱን ቀን ትተው ለሚኖሩበት ቦታ የተሰላውን የሁለቱን ሰዓት ይመልከቱ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ እየዘገየች ስለምትወጣ ከሦስቱ ምሽቶች፣ ማለትም ከዋዜማው፣ ከዕለቱና ከማግስቱ፣ አንዱ ከዚህ መስፈርት ጋር ይቀራረባል። ብዙ ጊዜ ዋዜማው ነው።

የተጻፈው ሰዓት ደግሞ ሜዳማ አድማስን ታሳቢ ያደረገ ነው። ምሥራቁ በኮረብታ ከተጋረደ መጠበቅ ግድ ነው። ክንድ ተዘርግቶ ሦስቱ የመካከል ጣቶች ሲጋጠሙ 5 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናሉ። ኮረብታው ያን ያህል ከፍ ካለ በምድር ወገብ አካባቢ ከ20 ደቂቃ በላይ፣ በ50 ዲግሪ ሰሜን 40 ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ፤ ወደ ሰሜን ሲርቁ ጨረቃ በአግድም ስለምትወጣ ጊዜው ይረዝማል። በዚህ መሀል «ዜናው ዋሽቷል» ብሎ ወደ ቤት የሚገባ ጥቂት አይደለም።

የማታዋ ካመለጠች የንጋቷ አለች። ፀሐይ ልትወጣ ስትል ጨረቃ በሰሜን ምዕራብ በኩል ትጠልቃለች። በዚያ ሰዓት አየሩ ብዙ ጊዜ ከማታው የጠራ ነው።

ቀኗ በየዓመቱ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ናቸው፤ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። ስለዚህ የዲሴምበሯ ሙሉ ጨረቃ በየዓመቱ በ11 ቀን ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ ከወሩ ስትወጣ ደግሞ ቀጣይዋ ተተክታ ቀኑ በ19 ገደማ ወደ ፊት ይዘላል። በግሪንዊች አቆጣጠር ይኸው፦ 2024 ዲሴምበር 15፣ 2025 ዲሴምበር 4፣ 2026 ዲሴምበር 24፣ 2027 ዲሴምበር 13፣ 2028 ደግሞ ዲሴምበር 2 እና 31። በ19 ዓመት አንዴ ቀኑ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዲሴምበር 25 ቀን 2015 ሙሉ ጨረቃ ነበረች፤ በ2034ም በዚያው ቀን ትሆናለች።

ይህ ቀን መቁጠር ለሌላም ይጠቅማል። ጀሚኒድስ የተባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ናዳ የሚበረታው በዲሴምበር 13 እና 14 ሌሊት ነው። በ2027 ሙሉ ጨረቃ በዚያው ሌሊት ስለምትውል ደብዛዞቹ ተወርዋሪዎች በብርሃኗ ይዋጣሉ። በ2026 ግን ጨረቃዋ ገና ቀጭን ሆና ቀድማ ስለምትጠልቅ ሰማዩ ለእነሱ ይለቀቃል።

ፊቷ ላይ ምን ይታያል?

ጉድጓዶቿን አጉልቶ ለማየት ሙሉ ጨረቃ በጣም መጥፎዋ ጊዜ ናት። ፀሐይ ከጀርባችን ሆና ፊት ለፊት ስለምታበራት ጥላ አይኖርም፤ ጥላ ከሌለ ደግሞ ጥልቀት አይታይም። በዚሁ ምክንያት ብርሃኗ ከግማሽ ጨረቃ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ተራሮችንና ጉድጓዶችን የሚፈልግ ሰው ከሙላቷ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይውጣ።

ሙሉ ስትሆን የሚያምረው የቀለም ልዩነቷ ነው። ጥቁር ጠፍጣፋ ቦታዎቿ «ባሕር» ይባላሉ እንጂ ውሃ የለባቸውም፤ በአብዛኛው ከ3 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዐለት ናቸው። በባዶ ዓይን በቀላሉ የሚለየው ከሌሎቹ ተነጥሎ በጠርዟ አጠገብ ያለው ሞላላ ጥቁር ነጥብ ነው፤ የቀውስ ባሕር ይባላል። ከእሱ ወደ መሀል ሲገቡ የጸጥታ ባሕር ይገኛል፤ አፖሎ 11 በጁላይ 1969 ያረፈችው በዚያ ነው።

ባይኖኩላር ያለው ሰው ወደ ደቡባዊ ጠርዟ ይሂድ። ታይኮ የተባለው 85 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ እዚያ ነው፤ ከእሱ የሚነሱት ነጫጭ ጨረሮች ግጭቱ የበተነው ድንጋይና ዱቄት ሲሆኑ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋሉ። እነዚህ ጨረሮች በደንብ የሚታዩት ጨረቃ ስትሞላ ብቻ ነው። 10 በ50 የሚባለው (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ባይኖኩላር ይበቃል፤ ችግሩ የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ክርንዎን ግድግዳ ወይም የመኪና ጣሪያ ላይ ያሳርፉ፣ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል። በቴሌስኮፕ ሲታይ ብርሃኗ ዓይን ያጭበረብራል፤ ጉዳት ግን አያደርስም። የብርሃን መቀነሻ ፊልተር ከሌለ በአቅራቢያ መብራት አብርቶ መመልከት ይረዳል፤ ዓይን ጨለማን ካልተላመደ አይጭበረበርም።

አቀማመጧ እንደ ቦታው ይለያያል። በሰሜን ራቅ ብሎ ላለ ሰው ታይኮ ከታች ይሆናል፣ በደቡብ ላለ ሰው ከላይ። በምድር ወገብ አካባቢ ስትወጣ በጎኗ የተኛች ትመስላለች። ለሰሜን ተመልካች የተሠራ ካርታ ይዞ የሚፈልግ ሰው ካርታውን ማዞር አለበት።

በዲሴምበር ጎረቤቶቿም ደማቆች ናቸው። ቀያይ የሆነው አልደባራን፣ ካፔላ፣ የኦሪዮን ሦስት የተሰለፉ ኮከቦች፣ ከሁሉም ደማቁ ሲሪየስ በዙሪያዋ ይሰበሰባሉ። የጨረቃ ብርሃን ደካማ ኮከቦችን ቢያጠፋም እነዚህን አይችላቸውም።

ብርድ በበረታበት ቦታ ባይኖኩላሩን ወይም ካሜራውን ከቤት እንዳወጡ መጠቀም አይመከርም፤ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት፤ አለበለዚያ ምስሉ ይርገበገባል። ሲመለሱ ደግሞ ገና ውጭ ሳሉ ቦርሳ ውስጥ ከትተው ዚፑን ይዝጉ። ቀዝቃዛ ሌንስ የቤት ሙቀት ሲያገኘው ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛውም ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በውስጥ ኪስ ይያዙ።

በስልክ ሳነሳት ነጭ ነጥብ ብቻ የምትሆነው ለምንድን ነው?

ስልኩ የሚያየው በአብዛኛው ጥቁር ሰማይ ስለሆነ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል። ጨረቃ ግን በፀሐይ የበራ ድንጋይ ናት፤ የሚያስፈልጋት የቀን ብርሃን ልክ ነው። ስክሪኑ ላይ ጨረቃዋን ተጭነው ይቆዩ፣ ትኩረቱ ሲቆለፍ የብርሃን ማስተካከያውን ፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች እስኪታዩ ድረስ ወደ ታች ይሳቡ። በካሜራ ከሆነ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር ኤፍ 11፣ ሹተር ከሴኮንድ 1/125 አድርገው ይጀምሩና ከዚያ ያስተካክሉ። አድማስ ላይ ስትሆን ብርሃኗ ስለሚቀንስ ተጨማሪ ያስፈልጋል። ትራይፖድ ላይ አስቀምጠው በሁለት ሴኮንድ ማቆያ ያንሱ፤ ጣት ሲነካው ይንቀጠቀጣልና።

ሌላው ቅሬታ መጠኗ ማነሱ ነው። የሌንሱን ርዝመት በሚሊ ሜትር ለ110 ሲያካፍሉ በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ (ሴንሰር) ላይ የምታርፈው ጨረቃ ስፋት ይገኛል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከ2 ሚሊ ሜትር አትሞላም። ግዙፍ ሆና ከሰው ወይም ከሕንፃ ጀርባ የምትታይባቸው ፎቶዎች ምስጢር ርቀት ነው፤ አንድ ነገር ከቁመቱ 110 እጥፍ ሲርቅ ከጨረቃ ጋር እኩል ይሆናል። 1.7 ሜትር ቁመት ያለውን ሰው ከ190 ሜትር ገደማ ርቀው በረጅም ሌንስ ካነሱት ጨረቃዋ ቁመቱን ታክላለች። ከአሥር ሜትር ላይ ሆኖ ይህን ማግኘት አይቻልም።

ዙሪያዋ የሚታየው ቀለበትና ብርዱስ ከእሷ ነው?

ትልቁ ቀለበት የሚፈጠረው ከፍ ባለ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ብርሃኗን ሲያጎብጡት ነው። ከጨረቃ እስከ ቀለበቱ 22 ዲግሪ ነው፤ በተዘረጋ ክንድ ላይ አንድ ስንዝር ገደማ። እሷን ተጠግቶ የሚታየው ትንሹ ባለ ቀለም ክብ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ የውሃ ጠብታዎች ሥራ ነው።

ብርዱን ጨረቃ አታመጣውም። ደመና መሬት በቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት በሌሊት እንዳይበተን ያግዳል፤ ሰማይ ሲጠራ ሙቀቱ ይበተናል። ጨረቃን አጥርተን የምናያት ደግሞ በዚያው በጠራው ሌሊት ስለሆነ ጥፋቱ በእሷ ይሳበባል።

ለምን በየወሩ ግርዶሽ አይሆንም?

ምድር መሀል ከሆነች ጥላዋ ጨረቃ ላይ ማረፍ የነበረበት ይመስላል። ቀደም ሲል የጠቀስነው የ5 ዲግሪ ዝንባሌ ግን ይከለክለዋል። በጨረቃ ርቀት ላይ የምድር ጥቁር ጥላ ስፋት 9 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጨረቃ ደግሞ እስከ 34 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ልታልፍ ትችላለች። የሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት ነጥብ አካባቢ ስትሞላ ብቻ ጥላው ያገኛታል።

ይህ ዲሴምበር 31 ቀን 2028 ይሆናል፤ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በጥላው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆያለች፣ ቀለሟም ወደ መዳብ ቀይ ይለወጣል። በአብዛኛው እስያና በአውስትራሊያ ከፍ ብላ ሳለች ይታያል። በአውሮፓና በአፍሪካ ብዙ ቦታዎች ግን ጨረቃ ስትወጣ ግርዶሹ ጀምሮ ስለሚቆይ፣ ለማየት የሚያስበው ሰው ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቁ ያልተጋረደ ቦታ አስቀድሞ ማግኘት ይኖርበታል።